የስምንቱ ክሮች ቅኝት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10 ቀን፣ ከቀትር በኋላ

ለምወድህ ልጄ፣

ጊታርህን አልሸጥኩትም። እህትህ ባለፈው እሑድ መጥታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠችና "እማዬ፣ የወንድሜን ጊታር ለአናጺው ሸጥሽው አሉ" አለችኝ። ላንተም ነግራህ እንደሆነ ጠየቅኋት። ቦርሳዋን መነካካት ጀመረች። ስለዚህ ሰምተሃል ማለት ነው።

ወሬው የመጣው ከታች ቤት ካለችው ልብስ ሰፊ ነው። አናጺው ጊታሩን በአንሶላ ጠቅልሎ ደረጃውን ሲወርድ አይታለች። ያየችው እውነት ነው፤ ሽያጩን ግን ከራሷ ጨመረችበት። የምሸጠውን ዕቃ በደህና አንሶላዬ እንደማልጠቀልል እሷ ባታውቅ አንተ ታውቃለህ። ስለ እኔም ኮርታለች፣ ሰላምታ አትመልስም እያለች ታወራለች። ስለዚህኛው በተራው እጽፍልሃለሁ።

አስቀድሜ ያን ቀን የሆነውን እንደ ሆነ ልጻፈው። በአራት ዓመት ውስጥ ለማንም በትክክል አልተናገርኩም፤ ለእህትህ እንኳ "ወደቀና ተሰነጠቀ" ነው ያልኳት። ውሸት ነው።

ዐርብ ነበር። በማግስቱ ሙዚቃችሁን ልታስቀርጹ ቀጠሮ ነበራችሁ። አንተ ከበሮ መቺውን ጓደኛህን ልትጠራ ወጣህ፤ ጊታሩ ሶፋው ላይ ቀረ። ሳልፍ በአውራ ጣቴ ነካሁት። ክሮቹ እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ረግበው ነበር። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙዚቃ ሳስተምር የተማሪ ጊታር ረግቦ አግኝቼ ሳልቃኘው አልፌ አላውቅም። እኛን ያስተማሩን መምህርት ላ የሚባለውን አንድ ድምፅ ብቻ አስይዘው ሰዓት ሙሉ ያቆሙን ነበር፤ ከፍ ብንልም ማስመሪያ፣ ዝቅ ብንልም ማስመሪያ። "ላ የትም ቢሄዱ ላ ነው" ይሉ ነበር። እኔም መቃኛ ብረቴን ከመሳቢያ አውጥቼ ጉልበቴ ላይ መታሁና ቁልፎቹን ማጥበቅ ጀመርኩ። ስድስቱን ክሮች እንደማውቀው ወጠርኳቸው። የተረፉት ሁለቱ ወፍራሞች ምን እንደሚሠሩ አላውቅም ነበር፤ ከስድስቱ ጋር እስኪስማሙ ድረስ እነሱንም ሳብኳቸው። ቁልፉ እምቢ ሲለኝ በፎጣ ይዤ አዞርኩት። እንጨቱ ሲያቃስት ሰምቻለሁ። ያን ጊዜ እሰማ ነበር።

ስትመለስ አንገቱ ጎብጦ፣ ቁልፎቹ ከተተከሉበት ራሱ ሥር ተሰንጥቆ ነበር። እኔ ግን ገና አላየሁትም፤ ከወጥ ቤት ሆኜ "ልክ አድርጌልሃለሁ" አልኩህ።

"እማዬ፣ ምን አደረግሽ?"

"ረግቦ ነበር፤ ቃኘሁት።"

"አልረገበም። እንደዚያ ነው የሚቃኘው።"

"እንደዚያ የሚባል ቅኝት የለም።"

ተቀምጠህ ስምንቱንም ቁልፎች አንድ በአንድ አላላህ። ስትጨርስ ያልከኝ ይህን ብቻ ነው፦ "አንቺ እኮ አንድም ቀን እስከ መጨረሻው ሰምተሽኝ አታውቂም።" እኔም "የሚሰማ ነገር ስትጫወት እሰማለሁ" አልኩህ። ቃል በቃል ይህን ነው ያልኩት፤ አላሳመርኩትም። በስድስተኛው ሳምንት ከቤት ወጥተህ ሄድክ።

አሁን ስለ ሰላምታው። ከሦስት ዓመት በፊት አንዲት ተማሪዬ ቀጭኑን ክር እየተጫወተች ሳለ ጣቷ ብረቱን ሲነካ ብቻ ይሰማኝ ጀመር፤ ቀጥሎ የሚመጣው ድምፅ የለም። ልጅቷን ዘነጋሽ ብዬ ተቆጣኋት። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላዋን ተቆጣሁ። ሦስተኛዋ ላይ ስደርስ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ገባኝና ማስተማር አቆምኩ። ለሰው ደክሞኝ ነው ብያለሁ። ባለፈው ክረምት የጆሮ ሐኪሙ ወረቀት ላይ አንድ መስመር አሳየኝ፤ ከግራ ደህና ይጀምርና ወደ ቀኝ ሲሄድ ገደል ይገባል። ግራው ወፍራም ድምፅ ነው፣ ቀኙ ቀጭን።

"ይህ ግራው ይቆያል?" አልኩት፤ ጮክ ብሎ፣ አፉን ከፍቶ "ለጊዜው" አለኝ።

"ለጊዜው ስንት ነው?"

"እማማ፣ አንድ ዓመትም ሊሆን ይችላል፣ ሁለትም። ቁርጡን አላውቅም።"

ተማሪዬ ቢሆን ኖሮ ተመልሶ እንዲያጠና እልከው ነበር።

የልብስ ሰፊዋ ድምፅ እንደ መርፌዋ ቀጭን ነው፤ ከኋላዬ ስትናገር ምንም የለም። ኩራቴ ይኸው ነው። ያንተም ስልክ እንዲሁ። አምና ሦስት ጊዜ ደውለሃል፤ "ትዘጋብኛለች" ብለህ ለእህትህ ነግረሃታል። አልዘጋሁብህም። ስልክ ያንተን ዓይነት ወፍራም ድምፅ አጥብቦና አሳንሶ ነው የሚያመጣው፤ ጆሮዬ ላይ የደረሰው እንደሚፈላ ውሃ ያለ ፉጨት ነበር። አንተ መሆንህን ያወቅሁት ከአነጋገርህ ሳይሆን ከዝምታህ ነው። አልሰማሁህም ማለት ከበደኝና አስቀመጥኩት። ሦስቱንም ጊዜ።

አናጺው የመጣው የቁም ሣጥኑን በር ሊያስተካክል ነበር። ሰዉ "ሙጫ" ይለዋል፤ ለሥራው ይሁን ገብቶ ስለማይወጣ አላጣራሁም። ከሣጥኑ ጀርባ ጊታርህን አገኘው።

"እትዬ፣ ይህን ማን ገደለው?"

"እኔ።"

ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነበር። ሙጫ ትንሽ አየኝና "ሬሳ ደብቀው አብረው ሲኖሩ አይፈሩም?" አለ። ሳልወድ ሳቅሁ። በወጣትነቱ ሆቴል ውስጥ ባስ ጊታር ይጫወት ነበር፤ እኔም እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። ጊታሩን ወስዶ ሦስት ሳምንት ከማጣበቂያው ጋር በመቆንጠጫ አሥሮ አቆየው። ሲመልሰው ስንጥቁ እንደ ጠባሳ ይታያል፤ አንገቱ ግን ቀጥ ብሏል።

የድምፅ ማጉያህን ከአልጋው ሥር አወጣንና ተቀመጠ። ወፍራም ክር አስገብቶ ሲያበቃ አስተማረኝ፤ እኔን! "አንገቱ ከሌላው ጊታር ለምን እንደሚረዝም አይተዋል? ክሩ ለምን እንደወፈረስ? ዝቅ ብሎ ተቃኝቶ እንዳይልፈሰፈስ ነው። እርስዎ ወፍራሙን ክር የቀጭኑን ያህል ሲያስጮኹት እንጨቱ ምን ይሁን? ክሩን ሳያዩ ድምፁን አረሙ።" በሕይወቴ ብዙ ተማሪ እንዲህ ብዬ ገሥጫለሁ፤ ሲነገረኝ እንዴት እንደሆነ አሁን አወቅሁ።

ከዚያ አገጬን እንጨቱ ላይ እንዳሳርፍ ነገረኝና ስምንተኛውን ክር ነካ።

ልጄ፣ ሰማሁት። በጥርሴ ገባ፣ የደረቴ አጥንት ላይ ቆመ፤ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች ተንቀጠቀጡ። ገመድ አልነበረም፤ ድምፅ ነበር። ከሦስት ዓመት ወዲህ ሳልጠራጠር የሰማሁት እሱን ብቻ ነው። ጠርዙ የት እንደሆነ ለይቼ፣ እየቀነሰ ሲሄድ ተከትዬው፣ ጭራሽ እስኪጠፋ ድረስ አገጬን አላነሣሁም። ሙጫም አላቋረጠኝም።

"የልጄ ቅኝት ይህ ነው?" ስለው "በግምት ነው" አለ። "እንዲህ ዝቅ አድርገው የሚጫወቱ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አላቸው። ከዚህም በታች ወርዶ ይሆናል።" ስለዚህ ሁሉንም መልሶ እንዲያላላው አዘዝኩት። ቅር አለው። እኔ ግን ያንተን ጊታር ሁለተኛ በግምት አላስነካም።

የምለምንህ አንድ ነገር ነው። ስምንቱ ክሮች ምን ምን ላይ እንደሚቃኙ ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ በተራ ጻፍልኝ። አላርመውም። ሙጫ ይቃኘዋል፤ እኔ አገጬን አሳርፌ እሰማለሁ። በሐኪሙ ስሌት ጊዜው ጠባብ ነው፤ መዘግየት ካለብህ ዝቅተኛውን ብቻ አስቀድመህ ላክ። ስልክ አትደውል። ምናልባት ወረቀት ላይ ለማስፈር የማይመች፣ እጅህ ብቻ የሚያውቀው ከሆነ ይገባኛል። መንገዱ ሩቅ፣ ሥራህም ብዙ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ና አላልኩም።

ፈጣሪ እጅህን ከድካም፣ ጆሮህን ከእኔ ዓይነቱ ዝምታ ይጠብቅልህ። የምትጫወትለት ሰው አያሳጣህ፤ ስትጀምር የተቀመጠ፣ ስትጨርስም እዚያው ይገኝ።

ነገ ጠዋት መጀመሪያ ይህን ደብዳቤ ፖስታ ቤት አደርሳለሁ፤ ሣጥን ውስጥ አልጥልም፣ ለሠራተኛዋ በእጇ እሰጣለሁ። ስመለስ ልብስ ሰፊዋ ቤት ገብቼ ሰላም እላታለሁ፤ ስታናግረኝ ፊቷን ወደ እኔ አዙራ እንድታናግረኝም ምክንያቱን እነግራታለሁ። ከዚያ ሙጫን እጠራዋለሁ። የበሩ ደወል ድምፁ ቀጭን ነው። እሱን አውርዶ በምትኩ ከባድ የእንጨት ማንኳኪያ እንዲተክልልኝ እፈልጋለሁ፤ ሲመታ ወለሉን አንቀጥቅጦ መኝታ ቤት ድረስ የሚመጣ፣ ማንም ሰው ሳይታሰብ ቢደርስ የምሰማው።

እናትህ