ከአምስተኛው ሩብ በፊት የማይነሡት ወይዘሮ ኦርዜላ ቲልማን

ወይዘሮ ኦርዜላ ሜ ቲልማን ከአባታቸው ከአቶ ዊልበርት ክሮስቢና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሎሬና እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 1942 በአላባማ ግዛት፣ በማክቤን ከተማ፣ በከተር ጎዳና ተወለዱ። እናታቸው ሲያጫውቱ እንደነበረው፣ አዋላጇ ስታቅፋቸው እንደ ሌላ ሕፃን አላለቀሱም፤ አንድ ዓይናቸውን ገልጠው ሴትየዋን ከላይ እስከ ታች አዩአት። ዕድሜ ልካቸውንም በዚያው ዓይን ኖሩ።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ተምረው በ1960 ታልበርት ኮሌጅ ገቡ። ባለቤታቸውን አቶ ሊዮቲስ ቲልማንን ያገኟቸው በዚያው ዓመት ኳስ ታቅፎ በሚሮጥበት በእኛ አገር ፉትቦል ሜዳ ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ከጨዋታው በኋላ ነው። ጨዋታው አራት ሩብ ነው፤ የታልበርት ሰው የሚመጣው ግን ለአምስተኛው ነው። ዳኛው የመጨረሻውን ፊሽካ ከነፋ በኋላ የሁለቱ ኮሌጆች የሙዚቃ ጓዶች ፊት ለፊት ተፋጠው፣ አንደኛው ትንፋሹ እስኪያልቅ ይገጥማሉ። ከዚያ በፊት ከመቀመጫው የሚነሣ ሰው እንደ ሃይማኖተ ቢስ ይታያል።

አቶ ሊዮቲስ ትልቁን ጡሩምባ የሚሸከሙ ነበሩ። እየነፉ ወደ እማማ ኦርዜላ ሲያዩ፣ እርሳቸው ሰውዬው ማንን እንደሚያይ ለማወቅ ወደ ኋላ ዞሩ። ከዚያ በኋላ የአቶ ሊዮቲስን አከራይም፣ ፀጉር አስተካካይም ስለ ሰውዬው መረመሩ። ፀጉር አስተካካዩ ቢቸግረው፣ «እኅቴ፣ ልታገቢው ነው ወይስ ልታሳስሪው?» አላቸው። «አንተ ተናግረህ ስትጨርስ እወስናለሁ» አሉት። በጁን 1964 በጋብቻ ተሳሰሩ፤ ሴት ልጃቸውን ቨርኔታንና ወንድ ልጃቸውን ራንዶልፍን ወለዱ።

ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በአንድ የቀብር መድን ድርጅት አገልግለዋል። ሥራቸው ሞተ የተባለው ሰው መሞቱን ሄዶ ማረጋገጥ ነበር። በሬሳ ማቆያው በር ሲገቡ ለቀስተኛው፣ «ወይዘሮ ቲልማን መጡ፤ እንግዲህ እውነትም ሞቷል» ይል ነበር።

ሰውን ያለማመናቸው ግን እንዲሁ የመጣ አይደለም። በ1966 ከተማው ስታዲየም ሊሠራ ከተር ጎዳናን ወሰደ፤ የጊልያድ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያናችንም ፈረሰ። ከመፍረሱ በፊት ከማዘጋጃ ቤት የመጣው ሰው በስብከት መድረካችን ላይ ቆሞ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ «ለሁለት ዓመት ብቻ ነው፤ ቦታችሁን እንመልሳለን» አለ። አቶ ዊልበርት እጁን ጨበጡት። ቦታው የስታዲየሙ የመኪና ማቆሚያ ሆነ፤ አባትየውም ሳይመለስላቸው አረፉ። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ እማማ ኦርዜላ ከዚያ ወዲህ ባርኔጣውን ያወለቀ ባለሥልጣን ሲያዩ ቦርሳቸውን ያቅፉ ነበር። በየዓመቱ የታልበርት ምሩቃን በሚሰባሰቡበት ጨዋታ ቀን አቶ ሊዮቲስ መኪናውን መድረኩ በነበረበት ቦታ ላይ እንዲያቆሙ ያደርጉና፣ እዚያው ዓሣ ጠብሰው ያበሉን ነበር። አቶ ሊዮቲስ በ2011 ካረፉ በኋላም እማማ ኦርዜላ ቦታውን አልለቀቁም።

በ2019 ከተማው ያንኑ ስታዲየም ለፕሮፌሽናል እግር ኳስ ክለብና ለኮሌጁ ፉትቦል ሊያድሰው መሆኑ ተነገረ። በስብሰባው ላይ የእድሳቱ ኃላፊ ሚስተር ብሬንት ሃስኬል የእግር ኳስ ሜዳ ወርዱ ስለሚሰፋ ከሣሩ አጠገብ ያሉት የታችኞቹ መቀመጫዎች እንደሚነሡ አስረዱ። የታልበርት ሙዚቀኞች ዘላለም የሚቀመጡት እዚያ ነው። ቀጥለውም፣ «ታልበርት ለአንድ የውድድር ዘመን ብቻ ሌላ ቦታ ይጫወታል፤ ከዚያ ይመለሳል» አሉ።

እማማ ኦርዜላ ተነሡ። «ይህችን ‹ብቻ› የምትባል ቃል ከዚህ በፊት ሰምቻታለሁ። ለመሆኑ ብትመልሱንስ፣ ጨዋታው ሲያልቅ ምን ይሆናል?»

«ሲያልቅማ፣ ሰው ወደ ቤቱ ይሄዳል» አሉ ሚስተር ሃስኬል።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እማማ ኦርዜላ ግን አልሳቁም። «አያውቅም ብላችሁ ነው የምትስቁት?» አሉ ወደ ሕዝቡ ዞረው። «ይህን ያህል የማያውቅ ሰው እናቱ አልወለደችም። ያውቃል!»

ፓስተር ኦቲስ ግሬይሰን ሊያለዝቧቸው፣ «እኅት ኦርዜላ፣ ፍቅር ሁሉን ያምናል ይላል ቃሉ» ቢሏቸው፣ «ፓስተር፣ ጳውሎስ ይህን ሲጽፍ ከማዘጋጃ ቤት ጋር አልተዋዋለም ነበር» ብለው መለሱ።

የጠረጠሩት አልቀረም፤ አንዱ የውድድር ዘመን እየተጎተተ ዓመታት ፈጀ። መጀመሪያ ወረርሽኙ ነው ተባለ፣ ቀጥሎ ብረት ጠፋ ተባለ። ልጃቸው ቨርኔታ በየሳምንቱ በመኪና ወደ አጥሩ ትወስዳቸው ነበር። አንድ ቀን ሚስተር ሃስኬል የራስ ቁር አድርገውላቸው ወደ ውስጥ አስገቧቸውና ከግቡ ጀርባ ለሙዚቀኞቹ የተዘጋጀውን አዲስ ቦታ አሳዩአቸው።

«ወንበሩስ?»

«ወንበር የለውም፣ ወይዘሮ ቲልማን። የእግር ኳስ ደጋፊዎች ቆመው ነው የሚያዩት። ለትልልቆቹ ጡሩምባዎችም ይመቻል።»

«ይመቻል እንጂ። ወንበር የሌለውን ሰው ማስነሣትም ይመቻል።»

በ2022 የልብ ድካም አገኛቸው፤ በተሽከርካሪ ወንበር መሄድ ጀመሩ። የሐኪሙን ቃል ሌላ ሐኪም እስኪደግመው አልተቀበሉም። ልጆቻቸው እንዲያርፉ ሲለምኗቸው፣ «የማዘጋጃ ቤት ሰዎች እኔ እስክሞት ነው የሚጠብቁት፤ እንተያያለን» ይሉ ነበር።

በኦክቶበር 2023 ታልበርት ወደ ስታዲየሙ ተመለሰ። ከዚያ በፊት በነበረው እሑድ እማማ ኦርዜላ ለጊልያድ ምእመናን ሁሉ የእጅ ባትሪ ይዘው እንዲመጡ አዘዙ። «መብራት ያጠፉብናል» አሉ። ሰው ከንፈሩን ነክሶ ሳቀ፤ ግን ይዞ መጣ፤ ያልያዘውን በር ላይ እንደሚመልሱት ያውቃላ!

ታልበርት ተሸነፈ። አምስተኛው ሩብ ተጀመረ፤ ፀሐይም ጠለቀች። የእኛ ልጆች በጣም የሞቀውን ዜማ ሲጀምሩ የስታዲየሙ መብራት ድርግም አለ። ከበሮው እንኳ ቆመ። በዚያ ጨለማ ውስጥ ከተሽከርካሪ ወንበር ላይ አንዲት ባትሪ በርታ በጓዱ መሪ ፊት ላይ አረፈች። «ምን ትጠብቃለህ፣ ልጄ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ከዚያ የጊልያድ ባትሪዎች ሁሉ በሩ፤ ማዶ ያሉት ተጋጣሚዎቻችንም ስልካቸውን አበሩልን። ከበሮው ተመለሰ።

ሚስተር ሃስኬል እያለከለኩ ደረጃውን ወረዱ። «ወይዘሮ ቲልማን፣ በእናቴ እምላለሁ፣ ማንም አላጠፋውም! መብራቱ ሰዓቱን ጠብቆ ራሱ የሚጠፋ ነው፤ ለእግር ኳሱ ተብሎ የተሞላ ነው። ሰው ልኬያለሁ፣ አሁን ይበራል።»

«ሰዓቱንስ ማን ሞላው?»

«እኔ ነኝ» አሉ ሰውዬው። «እርስዎ ከጠየቁኝ ከዚያ ስብሰባ በፊት ባወጣሁት ዕቅድ ነው የሞላሁት። መቀየሩን ረሳሁት።»

እማማ ኦርዜላ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ከላይ እስከ ታች አዩአቸው። ከዚያ ባትሪያቸውን ሰጧቸው። «እንካ እንግዲህ። ወደ ትልልቆቹ ጡሩምባዎች አብራ።» ሚስተር ሃስኬል ትልቁ መብራት ተመልሶ ከበራም በኋላ፣ የመጨረሻው ጡሩምባ እስኪወርድ ድረስ ባትሪውን ይዘው ቆሙ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ቨርኔታ፣ «እማዬ፣ አሁንስ አመንሽው?» አለቻቸው። «ክንዱ ሲዝል አየሁ፤ አላወረደውም። ክንዱን አምኜዋለሁ። ሌላውን ገና እያየሁት ነው» አሉ።

ሕመማቸው እየጠና ሄዶ፣ በሐኪም ሲረዱ ቆይተው፣ ሴፕቴምበር 14 ቀን 2024 በቤታቸው በሰላም አርፈዋል። ልጆቻቸውን ቨርኔታንና ራንዶልፍን፣ አምስት የልጅ ልጆችን፣ ታናሽ እኅታቸውን ወይዘሮ ዙላን፣ እንዲሁም አሁንም የወሰደባቸውን ቦታ ለመመለስ የዘገየ አንድ ከተማ ትተው ሄደዋል። የተጠራጠረ ካለ ሣጥኑ ክፍት ነው፤ ቀርቦ ይይ። እርሳቸውም ቢሆኑ ሳያዩ አያምኑም ነበር። በቀኝ እጃቸው ያለችው ባትሪ አዲስ ድንጋይ ገብቶላታል፤ ቨርኔታ ደጋግማ ሞክራታለች።

በኑዛዜአቸው መሠረት፣ ከሣጥኑ ተሸካሚዎች አንዱ ሚስተር ብሬንት ሃስኬል ናቸው። «ክንዱን አውቀዋለሁ» ብለዋል እማማ ኦርዜላ። «ከኋላው ግን ራንዶልፍ ይሁን፤ ዓይኑን እንዳይነቅልበት።»

የማይጠፋው ብርሃን ጌታ ነፍሳቸውን ወደ ቤቱ ያግባት። በደጁ ቆመው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ከላይ እስከ ታች ቢያዩት አይቀየማቸው፤ እኛንም ያዩን እንዲሁ ነበር፣ ካዩን በኋላም ጥለውን አያውቁም።

የታልበርት ሙዚቀኞች በደጅ ናቸው። ፓስተሩ «አበቃ» ሲሉ ማንም አይነሣ።