ጠቅ ብቻ የምትል ሞተር

የካቲት 6፣ ሐሙስ

ዛሬም ሞተሬን ሮቢ ወንዝ ወስጄ አጠብኳት። የመሥሪያ ቤት ናት፣ ግን ሞተሬ ነው የምላት። ነገ ጁምዓ ነው፣ በቆሻሻ መውጣት አልወድም። እስከ ሆዷ ውሃው ውስጥ አስገባኋት፤ ባጃጆቹም አጠገቤ እንደዚያው። ውሃው ለብ ያለ ነበር። እግሬን ነክሬ ብዙ ቆየሁ... ምን እያሰብኩ ነበር? ምንም። ፀሐይ ከማንጎው ኋላ ስትገባ ሐሳቤ ብቻውን ይሄዳል፤ ልመልሰውም አልፈልግ።

የካቲት 7፣ ዓርብ

ስታርተሩን ስጫን ጠቅ አለች፣ ዝም። ደገምኩ... ጠቅ።

ቢገፏት ትነሳለች። በእግርም ትነሳለች፤ ግን ቀኝ እግሬ ከልጅነቴ ደካማ ነው፣ መርገጫውን አይችለውም። ከብት ላክም ቆላ ስወርድ፣ እዚያ ሜዳ ላይ ማን ይገፋኛል?

አለቃዬ አቶ ተፈራ "ምን ሆነች?" አሉ።

"ማክሰኞ ሚልኪያስ ወስዷት ነበር" አልኩ። ሌላ አልጨመርኩም። እሱም እንደኔ ከብት ሐኪም ነው፤ ለአንድ ቀን ጀውሃ ሄዶባት በደህና መልሷታል። ለምን እንዲህ አልኩ?

"እስከ ሰኞ ካልተሠራች ለሱ አስረክቢ። ቢያበላሽም በእግሩ ያስነሳታል። አንቺ ቢሮ ትሠሪያለሽ።"

ቢሮ... ግድግዳ እያዩ መዋል።

የካቲት 8፣ ቅዳሜ

በሕልሜ የአሊዩ አምባን ቁልቁለት ስንወርድ ነበር፣ እኔና ሞተሬ። ሞተሩ ጠፍቷል፣ ድምፅ የለም፣ ነፋስ ብቻ። መንገዱ አያልቅም። ስነቃ አዘንኩ።

ጎረቤት ገፍቶልኝ ጋሽ ሰዲቅ ጋራዥ ደረስኩ።

"ሰፈሩ ሁሉ ባትሪው ነው ይላል" አልኳቸው።

"ሰፈሩ ሁሉ መካኒክ ነው" ብለው ሳቁ። "ስትጫኚው የፊት መብራቱ ይደክማል?"

"አይደክምም።"

"ባትሪው ቢደክም መብራቱ ይናገር ነበር።"

በመዶሻ እጀታ ሞተሪኖውን፣ ስታርተሩ ሲጫን የሚዞረውን፣ ኳ ኳ አደረጉት። "አሁን ጫኚ።" ተነሳች! እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

"አትቸኩይ፤ ነገ ትደግምብሻለች።" ፈቱት። ውስጡ ያሉት ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ካርቦኖች በጥቁር ጭቃ ተጣብቀዋል። ጭቃውን በጣታቸው አሹት።

"የሮቢ ደለል ነው። ወንዝ ታስገቢያታለሽ?"

"ሐሙስ ሐሙስ..."

"ወላሂ፣ አገሩ ሁሉ ለጁምዓ እያጠበ እኔ ጋ ያመጣል። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊያት፣ ልጄ።"

ሚልኪያስ አይደለም። እኔው ነኝ።

የካቲት 9፣ እሑድ

ካልጠየቁኝ ማን ያውቃል? ጋሽ ሰዲቅ ወሬ አይወዱም።

የካቲት 10፣ ሰኞ

ካርቦን ተቀየረላት። በአንድ ንክኪ ተነሳች፣ አልሐምዱሊላህ። እየጋለብኩ ቢሮ ገባሁ፤ ደስታዬ እስከ በሩ ነበር። አቶ ተፈራ ጠረጴዛ ላይ ወረቀት አየሁ። የሚልኪያስ ስም። ማስጠንቀቂያ።

"ንብረት አያያዝ ይማር" አሉ።

ዝም ብል ሞተሯ የኔ ናት።

"እኔ ነኝ ያበላሸኋት። ወንዝ እያስገባሁ።"

ወረቀቱን ቀደዱት። "እንግዲያው አስረክቢ።" ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ።

የካቲት 12፣ ረቡዕ

ቢሮ። መስኮቱ ወደ ዋናው መንገድ ነው። ወደ ደብረ ሲና የሚወጡትን መኪኖች ስቆጥር ዋልኩ... ሠላሳ ላይ ጠፋብኝ።

የካቲት 13፣ ሐሙስ

ሚልኪያስ ጠረጴዛዬ ጋ መጣ። ቆመ።

"ለምን በኔ አልሽ?"

"ፈራሁ። እዚህ ወንበር ላይ መቅረት ፈራሁ።"

የሞተሯን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ። መዳፌ ላይ አደረገው። "አቶ ተፈራን አነጋግሬያለሁ፣ እሺ ብለዋል። መጋዘን የቆመ በእግር የሚነሳ አሮጌ አለ፣ እሱን እወስዳለሁ። እኔ እረግጣለሁ።"

ይቅር ብዬሻለሁ አላለም። እኔስ ይቅርታ አልኩ? ከአፌ የወጣው "ዘይት አይተህላታል?" ነው። ዘይት! ራሱን ነቅንቆ ሄደ።

ከሰዓት ቆላ ወረድኩ። አንዲት ላም አከምኩ። ሜዳው፣ ነፋሱ፣ ሁሉም ያው ነው፤ እኔ ግን ደስ አላለኝም። ያላልኩት ይቅርታ አብሮኝ ዋለ።

ነገ እነግረዋለሁ ብዬ ነበር ልጽፍ። አይ፣ ነገ አይደለም። ገና አልመሸም። የሚልኪያስ ቤት ከገበያው ማዶ ነው፣ ለኔ እግር ሩቅ ነው። ሞተሯ በር ላይ ቆማለች።

በእግሬ ነው የምሄደው።