በቢሮዎ ግድግዳ ላይ ስለተሰቀለው ዘጠና ሦስት ከመቶ

ለተከበሩ አቶ ባየ
የጤና መረጃ ሥርዓት አስተባባሪ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ቢቸና

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመዋል እላለሁ። ወገብዎን ያምዎታል ሲሉ ሰምቻለሁና እግዚአብሔር ምሕረቱን ይላክልዎ፤ ሐኪም ቤት መሄድ ግድ ቢሆንብዎ ደግሞ ካርድዎ በወረቀት ላይ የሚጻፍበት ቤት ይግጠምዎ። እኛ ሞጣዎችና ታካሚዎቻችን፣ ከአንድ ሰው በቀር፣ ደኅና ነን።

እኔ በእርስዎ ሥር ባለው በሞጣው ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራሁ፣ ከስምንተኛ ክፍል ያላለፍኩ ሴት ነኝ፤ አጻጻፌ ቢጎረብጥ ይቅር ይበሉኝ። ይህንኑ ጉዳይ ሦስት ጊዜ በመዝገብ ቤት በኩል ልኬልዎ መልስ አጣሁ፤ ምናልባት ለብቻ ማንበቡ ከብዶዎት ይሆናል ብዬ ዛሬ ከሰው ጋር እንዲያነቡት ግልጽ ደብዳቤ አድርጌ ጽፌዋለሁ።

ልጄ ሰርካለም የጤና ጣቢያውን የኮምፒውተር ፕሮግራም እንድትጠብቅ እርስዎ ራስዎ የቀጠሯት ናት። የፊታችን ማክሰኞ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ትቀርባለች። ክሱ "በቸልተኝነት ሥርዓቱን አበላሽታ የሰው ሕይወት እንዲጠፋ አድርጋለች፤ አደጋ መኖሩንም አስቀድማ ለጽሕፈት ቤቱ አላሳወቀችም" ይላል። እንግዲህ ሰው ሳያመሰግን አይከራከርምና ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

፩ኛ. ስለ አንባቢነትዎ አመሰግናለሁ። ሰርካለም በ2007 ዓ.ም. የካቲት ላይ ፕሮግራሙን ለካችው። እኔም መጀመሪያ "ፕሮግራም ደግሞ በምን ይለካል፣ በክንድ ነው በቁና?" ብዬ ስቄባት ነበር። እሷ ግን ወደ ቤታችን ምሰሶ እያሳየች አስረዳችኝ። ፕሮግራሙ ፓኬጅ በሚሏቸው አሥራ አራት ጥቅሎች የተከፈለ ነው፤ የካርዱ አንድ ጥቅል፣ የመድኃኒቱ አንድ ጥቅል፣ የላቦራቶሪው አንድ ጥቅል፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። ልኬቱም እያንዳንዱ ጥቅል በስንት ሌላ ጥቅል ላይ እንደተደገፈ፣ ስንቱስ በእሱ ላይ እንደተደገፈ መቁጠር ነው። ብዙ የሚደገፍበት ጥቅል ምሰሶ ነውና ራሱ ወደ ሌላ ማዘንበል የለበትም፤ ማገር ወደ ምሰሶ ይደገፋል እንጂ ምሰሶ ወደ ማገር አይደገፍም። በእኛ ፕሮግራም ግን ምሰሶው የካርዱ ጥቅል በመድኃኒቱ ላይ፣ መድኃኒቱ በላቦራቶሪው ላይ፣ ላቦራቶሪው ተመልሶ በካርዱ ላይ ተደግፎ፣ ከአሥራ አራቱ አሥራ ሦስቱ ዞረው ዞረው እርስ በርስ ተያይዘው ተገኙ። "ከጠላ ቤት ተደጋግፈው እንደሚወጡ ሰዎች በያቸው እማዬ፤ አንዱ ሲደናቀፍ ሁሉም መሬት ናቸው" አለችኝ።

ይህ በቁጥር ሲቀመጥ ዘጠና ሦስት ከመቶ ሆነ። ቁጥሩ ዝቅ ሲል ደግ፣ ከፍ ሲል አደጋ መሆኑን ለእርስዎ በላከችው ሪፖርት ሁለተኛ ገጽ ላይ ጽፋዋለች። ሪፖርቱ አራት ገጽ ነበርና፣ እንደ እርስዎ ሥራ ለበዛበት ሰው እስከ ሁለተኛው መዝለቅ ምን ያህል እንደሚያደክም እረዳለሁ።

፪ኛ. ስለ ሽልማቱ አመሰግናለሁ። በግንቦቱ ግምገማ ላይ ዘጠና ሦስትን እንደ ፈተና ማርክ አንብበው፣ "አንድ ለአምስት አደረጃጀታችን ከሰው አልፎ ማሽን ውስጥ ገብቷል፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር!" ብለው ቁጥሩ የተጻፈበትን የምስክር ወረቀት ከፍ አድርገው ሲያሳዩ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። አልዋሽዎትም፣ የልጄ ስም ሲጠራ እኔም መዳፌ እስኪቀላ አጨብጭቤያለሁ። ሰርካለም እጇን አውጥታ "ይህ ቁጥር የሚያስደነግጥ እንጂ የሚያስመሰግን አይደለም" ብትል፣ "እህቴ፣ ስኬትን ማየት የማይችል አመለካከት ይስተካከል" ብለው በፈገግታ አስቀመጧት። ለማነጻጸር ብላ ፕሮግራማቸውን የለካችላቸው፣ የጥኖራ ጤና ጣቢያ ባልደረቦቻችን ደግሞ ሠላሳ ከመቶ ብቻ "በማምጣታቸው" ተወቅሰው ከእኛ ልምድ እንዲቀስሙ ታዘዙ። መጥተውም ቀስመው ሄዱ። ምን እንደቀሰሙ አላውቅም፤ ምሳ በልተዋል።

፫ኛ. ስለ ቁልፉ አመሰግናለሁ። እንዲህ ያለ የላቀ ሥርዓት እያለን ወረቀት ማገላበጥ ኋላ ቀርነት ነው ተብሎ፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት የካርድ ፋይሌ በሲባጎ ታስሮ መጋዘን ገባ። መጋዘኑ ከመስኮቴ የሚርቀው ሁለት በር ያህል ነው። ቁልፉ ግን ለጥንቃቄ ቢቸና፣ እርስዎ መሳቢያ ውስጥ ተቀመጠ። ልጄ ይህንንም መደገፍ ትለዋለች፤ ብትለካው ኖሮ ስንት ይወጣው እንደነበር እንጃ።

፬ኛ. እዚህ ላይ ምስጋና አጥቻለሁ፤ ፈልጌ አላገኘሁም።

በ2008 ዓ.ም. ጥቅምት፣ አንድ ሐሙስ ቀን፣ የመድኃኒቶቹ ስም ዝርዝር ዛሬውኑ በአዲሱ ይተካ የሚል ትእዛዝ ከቢሮዎ በስልክ መጣ። ሰርካለም የመድኃኒቱ ጥቅል ከተነካ የካርዱ እንደሚናጋ ተናግራ፣ ለሙከራ አንድ ሳምንት ለመነች። "ተተክቷል ተብሎ ለበላይ ሪፖርት ደርሷል" ተባለች። ቀየረችው።

በማግስቱ አስናቀው የሚባል ገበሬ ደረቱን ታሞ፣ ትኩሳቱ አናውዞት፣ ሚስቱ ሥርጉት ደግፋው ከጉንደ ወይን መጣ። መርፌ ታዘዘለት። ነርሷ በመስኮቴ አንገቷን አስግጋ "እትዬ አምሳለች፣ የማይስማማው መድኃኒት አለ?" አለችኝ። ስክሪኑን አየሁት። ቀዩ ማስጠንቀቂያ የሚወጣበት ቦታ ባዶ ነው።

"ምንም የለበትም" አልኳት።

ይኸው ሰው ከሦስት ዓመት በፊት ፔኒሲሊን ተወግቶ ከሞት አፋፍ ተመልሶ ነበር። ያን ጊዜ በወረቀት ካርዱ ላይ፣ በቀይ እስክርቢቶ፣ "ፔኒሲሊን አይስማማውም" ብዬ ሁለት ጊዜ አስምሬ የጻፍኩት እኔው ነኝ። ኮምፒውተሩ ውስጥም ገብቶ ነበር። ነገር ግን ማስጠንቀቂያው የታሰረው በድሮው የመድኃኒት ስም ላይ ነበርና፣ ስሙ ሲቀየር ማስጠንቀቂያውም አብሮ ጠፋ። በቀን መቶ ሰው የሚያልፍበት መስኮት ላይ ተቀምጬ ፊቱን አላስታወስኩትም። ጽሑፌን ባየው ኖሮ አስታውሰው ነበር፤ ጽሑፌ ግን ሁለት በር ማዶ ተቆልፎበታል።

ያንኑ መድኃኒት በአዲስ ስሙ ተወጋ፤ ግማሽ ሰዓት አልቆየም። ሥርጉት ጋቢውን በክንዷ ይዛ፣ ሲወጣ ልታለብሰው በር ላይ ቆማ ነበር።

ድሩ ማበሩንስ አብሯል፤ ግን ክቡር ሆይ፣ ያሰረው አንበሳ አይደለም።

፭ኛ. ልመናዬ አጭር ነው። ማክሰኞ ልጄን ሲጠይቋት እኔንም ይጥሩኝ፤ "ምንም የለበትም" ያለው አፍ የእኔ ነው፣ ተጠያቂነቴንም አልሸሽም። የሪፖርቱ ሁለተኛ ገጽ በኮሚቴው ፊት ጮክ ተብሎ ይነበብ። የመጋዘኑም ቁልፍ ይመለስልኝ፤ ቀይ እስክርቢቶ የነካቸው ሌሎች አርባ አንድ ካርዶች እዚያ ውስጥ እንዳሉ በቃሌ አውቃለሁ፣ የማን የማን እንደሆኑ ግን በቃሌ አላውቅም።

ይህን ሁሉ ያነበቡበት ዐይንዎ አይታመምብዎ፤ ወንበርዎም በማንም ላይ ሳይደገፍ ጸንቶ ይቁምልዎ።

በዘጠና ሦስት ከመቶ አክብሮት፣ ቀሪውን ሰባት ለአስናቀው ልጆች አስቀርቼ፣

አምሳለች ወልደ ሰንበት
ከሞጣ፣ ከካርድ ክፍል

ማስታወሻ፦ ጽሕፈት ቤትዎ "እንዲህ ያለ ሪፖርት ፈጽሞ አልደረሰንም" ብሎ ለኮሚቴው መጻፉን ሰማሁ። ዘጠና ሦስት የሚለው ቁጥር ከሰርካለም ሪፖርት በቀር በሌላ በየትኛውም ወረቀት ላይ አልነበረም። አሁን ግን ከወንበርዎ በላይ በመስታወት ውስጥ፣ "በ93 ከመቶ የላቀ ትስስር" ተብሎ፣ ከፊርማዎና ከማኅተምዎ ጋር የግንቦት ቀን ተጽፎበት ተሰቅሏል። እባክዎ አወርዳለሁ ብለው አይንጠራሩ፣ ወገብዎን ያምዎታል፤ በሽልማቱ ቀን ይህንኑ ይዘን የተነሣነው ፎቶግራፍ እኔ ዘንድ አለ፣ አንዱንም አሳጥቤ ለሥርጉት ሰጥቻታለሁ።