የትከሻህን ነገር የተናገርኩት እኔ ነኝ

ፔርም፣ የካቲት

ውድ ግሌብ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ በሌላ ቃል መጀመር ስለማላውቅበት ነው። ሌላ ነገር እንዳይመስልህ።

በቼልያቢንስኩ ሻምፒዮና ማን ጉድ እንደሠራህ ለማወቅ ሰው ሁሉ ስትጠይቅ ከርመሃል አሉ። ሐኪሙን ጠረጠርክ። ትከሻህን የሚያሽልህን ምስኪን ሽማግሌ ሰው ፊት ሰደብከው። ከዚህ በኋላ አትድከም። ለአዲሷ ጥንድህ ለዝላታ እናት የነገርኳት እኔ ነኝ። በገዛ አፌ፣ በጠራራ ቀን፣ ዓይን ዓይኗን እያየሁ ነገርኳት። ይህንን ከሌላ ሰው አፍ እንድትሰማው አልፈለግሁም፤ የመንገሩን ደስታ ለማንም አላካፍልም።

የበረዶ ሸርተቴ አሠልጣኛችን ሪማ አርካዲየቭና እጄን ይዛ እጅህ ላይ ስታስቀምጠው እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ አንተ አሥራ ሁለት። «ከዛሬ ጀምሮ ጥንድ ናችሁ» አለችን። አንተ ደግሞ «ከዚች ጋር? አፍንጫዋ እኮ ይፈሳል!» ብለህ የበረዶ ሜዳውን ሙሉ አሳቅህብኝ። ዘጠኝ ዓመት አብረን ተንሸራተትን። በየማለዳው ሚዛን ላይ የምወጣው እኔ፣ ከምሳዬ ላይ ዳቦዬን የምትበላው አንተ። ቅር ብሎኝ አያውቅም። በአንድ እጅህ ከራስህ በላይ አንስተኸኝ በረዶው ላይ ስትበር፣ ታች ያለው እጅ የአንተ ይሁን የራሴ ለይቼ አላውቅም ነበር።

ባለፈው መጋቢት ትከሻህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወልቅ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ላብህ በአገጭህ ይንጠባጠባል። ጥርስህ መሐል ፎጣ አስገባሁልህ፤ እግሬን ብብትህ ሥር አድርጌ ክንድህን ሳብኩት። ቋ! ብሎ ገባ። ወጌሻህ እኔ ሆንኩ።

«ለሪማ እንነግራታለን» አልኩህ።

«አብደሻል? ከነገርናት አለቀልን!»

አለቀልኝ አላልክም፤ አለቀልን አልክ። በዚያች አንዲት ፊደል አሰርከኝ። ከዚያ በኋላ እስከ ሰኔ ሦስት ጊዜ መልሼ አስገብቼልሃለሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ ዝም አልኩ።

ሰኔ ላይ የሆነውን አንተም ታውቀዋለህ፤ ግን እኔ ከላይ ሆኜ ያየሁትን አታውቅም። ጣሪያው እየዞረ ነበር። እጅህ ከሥሬ ላላ፤ ገና ሳልወድቅ ነው ያወቅሁት። በአየር ላይ ሳለሁ «ትከሻው!» ብዬ አሰብኩ። ስለ ራሴ አላሰብኩም፤ ያሰብኩት ስለ አንተ ትከሻ ነው። ከዚያ በረዶው መጣ። የዳሌዬ አጥንት ተሰነጠቀ።

በአራተኛው ቀን ሪማ ሆስፒታል መጣች። አንተ ከኋላዋ ፖም የሞላበት ከረጢት ይዘህ ቆመሃል። ገና ከመቀመጧ፣ «ግሌብ ሁሉንም ነግሮኛል» አለችኝ። «ከብደሻል። እላይ ስትወጪም ፈርተሽ ሰውነትሽን አላላሽ። እኔ ስንቴ ነገርኩሽ፣ ታይሲያ? እላይ ሆኖ የሚፈራ ሰው ታች ያለውን ይገድላል!»

አየሁህ። አንተ መስኮቱን ታያለህ። አንድ ቃል ትናገራለህ ብዬ ጠበቅሁ፤ እውነት እልሃለሁ፣ እሷ እስክትጨርስ በሙሉ ልቤ ጠበቅሁ። ሪማ ሐኪሙን ልታነጋግር ስትወጣ ግን ጎንበስ ብለህ፣ «ታይካ፣ ዝም በይልኝ። እስክትድኚ እጠብቅሻለሁ» አልከኝ።

ዝም አልኩልህ። የማፍረው በዚህ ነው፤ በሌላ በምንም አላፍርም።

ነሐሴ ላይ በምርኩዝ እያነከስኩ ወደ ሜዳው ስመጣ አንዲት እንደ ወፍ የቀለለች የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ከራስህ በላይ ነበረች። አየኸኝ። ሰላም እንዳትለኝ ሁለቱም እጆችህ ሥራ ይዘው ነበር። ሪማ ወደ አጥሩ መጥታ «ዝላታ ትባላለች» አለችኝ። «አንቺ እስክትድኚ የውድድሩ ወቅት አይጠብቀንም፣ ልጄ። ቤትሽ ሆነሽ አርፊ።» ከዘጠኝ ዓመት በኋላ የተሰናበትኩት በዚህች ቃል ነው።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እዚያው አጥሩ ጋ ቆሜ አፌን ብከፍት ኖሮ ነገሩ በዚያው ቀን ያልቅ ነበር። ግን ያኔ ብናገር ታክመህ፣ አርፈህ፣ በዓመቱ ትመለስ ነበር። እኔ የፈለግሁት ከፍ ካልክ በኋላ እንድትወድቅ ነው። እንደኔ፣ ከላይ።

ሳቬሊን ያገኘሁት ከዚያ በኋላ ነው። ጥንዱ ትታው ካገባች ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ በልጆች የበረዶ ትርኢት ላይ ድብ ሆኖ ሲሠራ እንደነበር ታውቃለህ፤ ስትስቅበት ሰምቼሃለሁ። ከካማ ወንዝ ማዶ ባለው አሮጌ ሜዳ፣ ሆኪ ተጫዋቾቹ ሳይመጡ ቀድመን፣ እህቱ እያሠለጠነችን ሠራን። መጀመሪያ ቀን ሊያነሳኝ ሲል እጁን ገፍትሬ ወደ ኋላ ሸሸሁ። ተቆጣሁ፤ ራሴን ተቆጥቼ በእሱ ላይ ጮህኩበት።

«ጩኺ» አለኝ። «ሁለት ዓመት የድብ ራስ አጥልቄ ሕፃናት ጅራቴን ሲጎትቱኝ ኖሬያለሁ። አንቺ ደግሞ ምን ትሆኚብኛለሽ?»

ከዚያ ቀስ አድርጎ አነሳኝ፤ ቀስ አድርጎም አወረደኝ። «አየሽ? መሬቱ እዚሁ ነው፤ የትም አልሄደም።» ኅዳር ላይ በማጣሪያው የመጨረሻዋን ቦታ አግኝተን ለአገር ሻምፒዮናው አለፍን።

ወደ ቼልያቢንስክ ስንሄድ ባቡር ላይ ሐሳቤን ነገርኩት። ከመጀመሪያው ቀን አጭር ትርኢት በኋላ፣ አንደኛ ሆናችሁ ስታድሩ፣ ለልጅቷ እናት እንደምነግራት። ሌላ ጥንድ ለመፈለግ ጊዜ እንዳይኖርህ፣ ሜዳሊያውን በዓይንህ አይተህ በእጅህ እንዳትነካው። ሳቬሊ እንቁላል እየላጠ ነበር። አስቀመጠው።

«ልጅቷስ?»

«ልጅቷ ምን?»

«በዚያ ትከሻ ላይ በቀን ስንት ጊዜ ነው የምትወጣው?»

«እኔም ወጥቼበታለሁ» አልኩት።

«ወጥተሽ የት እንዳረፍሽ አውቃለሁ። ለዚህ ነው የምጠይቅሽ።»

ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። እሱም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ፤ እስክንደርስ አልቀለደም።

በአጭሩ ትርኢት አንደኛ ወጣችሁ። አዳራሹ ሁሉ ልጅቷን ሲያይ እኔ ትከሻህን አያለሁ። ክርንህ ሲታጠፍ፣ አንድ ዙር ቀድመህ ስታወርዳት አይቻለሁ። ዳኞቹ አላዩም። እኛ ሰባተኛ ሆንን። ከዚያ መተላለፊያው ላይ ስንገናኝ ያልከኝን ታስታውሳለህ? «ሰባተኛ ጥሩ ነው፣ ታይካ። ክብደትሽ እንኳ ብዙ አላስታወቀብሽም። ድብሽን ማር ታበይዋለሽ?»

ሳቬሊ ፈገግ ብሎ፣ «ድብ ክረምቱን ይተኛል እንጂ አይረሳም» አለህ።

በልቤ ጥቂት ማመንታት ቀርቶ ከነበረ በዚያች ቃልህ ጠረግኸው።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ የዝላታን እናት የኔሊ ቦሪሶቭናን የሆቴል ክፍል አንኳኳሁ። ፔርም ውስጥ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ትሮሊ አውቶቡስ የምትነዳ፣ ለልጇ ብላ የዓመት ፈቃዷን የወሰደች ሴት ናት። ለማታው የመጨረሻ ትርኢት የልጇ ቀሚስ ላይ ጨሌ ትሰፋ ነበር። ሁሉንም ነገርኳት፤ መጋቢትን፣ ፎጣውን፣ ሰኔን። መርፌዋ ቆመ።

«እየዋሸሽኝ ነው። ቀንተሽ ነው።»

«መቅናቱን ቀንቻለሁ። አልዋሸሁም ግን። ግሌብን ይጥሩትና ቀኝ እጁን ቀጥ አድርጎ ሻንጣዎን ከራሱ በላይ እንዲያነሳ ይዘዙት።»

መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካችው። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እኔ ዘንድ ለመምጣት ምን አዘገየሽ?» አለችኝ።

ውሸት አዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት፤ አፌ ላይ አልመጣልኝም። «ዛሬን ስጠብቅ ነበር» አልኳት።

ጣቶቿን አጥፋ ቆጠረች። «መስከረም። ጥቅምት። ኅዳር። ልጄ እላይ ስትወጣ እኔ ወንበር ላይ ሆኜ አጨበጭብ ነበር። አንቺ እያወቅሽ!» ተነስታ በጥፊ መታችኝ። ጨሌው ወለሉ ላይ ተበተነ። «ውጪልኝ። አመሰግናለሁ የምልሽ እንዳይመስልሽ።»

«ለምስጋና አልመጣሁም» ብዬ ወጣሁ።

የቀረውን አንተው ታውቀዋለህ። ሻንጣውን ማንሳት አቃተህ። ዝላታ እያለቀሰች በእናቷ እጅ ተጎትታ ወጣች። በድምፅ ማጉያው ከውድድሩ መውጣታችሁ ሲነገር ሰማያዊውን ልብስህን ለብሰህ መተላለፊያው ላይ ቆመህ ነበር፤ ሪማ አጠገብህ የጫማ ቦርሳ ላይ ቁጭ ብላለች። እኔ ከአምስት እርምጃ ርቀት ፊትህን አየሁት። ሆስፒታል ተኝቼ ስንት ጊዜ በልቤ የሣልኩት ፊት ነው። በቀል ባዶ ያደርጋል የሚሉትን ሰምቼ ነበር። እኔን አላደረገኝም። ደስ አለኝ፣ ግሌብ። እስከ ጣቶቼ ጫፍ ሞቀኝ። በረዶው ላይ ወጥቼም እንደዚያ ቀን ተንሸራትቼ አላውቅም። ሳቬሊ ሲያወርደኝ «ዛሬ ምን ሆነሽ ነው የቀለልሽው?» አለኝ። አምስተኛ ወጣን።

የሚቆጠቁጠኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም አንተን አይመለከትም። ጥር ላይ እነዝላታ ቤት ሄድኩ። በሩን የከፈተችው ራሷ ናት። ያለ መንሸራተቻ ጫማ ስትታይ ይበልጥ ትንሽ ናት።

«ልወድቅ እችል ነበር?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ብወድቅስ ኖሮ?»

«ይቅርታ አድርጊልኝ» ብቻ አልኩ። በሩን ዘጋችብኝ፤ ልክ ናት። ባትወድቅም ባለመውደቋ የኔ እጅ የለበትም። ይህን ይዤ እኖራለሁ። ይቅርታ የምጠይቀው ግን እሷን ነው፤ አንተን አይደለም።

ባለፈው ሳምንት ሪማ ደወለችልኝ። ትከሻህን በቀዶ ሕክምና እንዳስጠገንክ፣ መስከረም ላይ ወደ በረዶው እንደምትመለስ ነገረችኝ። ከዚያ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ «ካንቺ በቀር የሚያውቀኝ የለም ይላል። ትመለሺለታለሽ ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ ብሎኛል» አለችኝ። እሷም ከብደሻል ያለችኝን ረስታ «አንቺ እኮ ቀላል ነበርሽ» አለችኝ። ሳቅሁ። ሳቄ ደስ እንደማይል ከድምፅዋ አወቅሁ።

አልመለስም። ለሌላ ነገር ግን ቃል እገባልሃለሁ። ሐኪሙ ያዘዘህን ሁሉ አድርግ፤ አትቸኩል፤ አጥንትህ በደንብ ይያዝ። ከዚያ ጥንድ ፈልግ፣ ትከሻህ ምን እንደነበረም መጀመሪያ ቀን ንገራት። ካልነገርካት እኔ እነግራታለሁ፤ ይህን ጊዜ ሻምፒዮና አልጠብቅም፣ በሰማሁበት ቀን እሄዳለሁ። ታኅሣሥ ላይ እኔና ሳቬሊ በረዶው ላይ እንጠብቅሃለን። በደህና ትከሻ፣ በሙሉ ጤናህ፣ በማንም ላይ የምታሳብበው ነገር ሳይኖርህ ስትሸነፍ ማየት እፈልጋለሁ።

እስከዚያው ደህና ሁን፤ ደህና እንድትሆን ከልቤ እፈልጋለሁ።

ታይሲያ
(«ታይካ» ብለህ እንዳትጠራኝ)