ቅዳሜ ማንም እንዳይገባ

ጥር 9፣ ቅዳሜ
የሦስት ሰው ሶፋ ጨርቅ ቀየርኩ። ከስፖንጁ ሥር ሁለት ማንኪያ፣ አንድ የሕፃን ካልሲና ባለቤቱ የማይታወቅ ሰው ሠራሽ ጥርስ አገኘሁ። ባለሶፋዎቹ ማንኪያዎቹን ብቻ ወሰዱ።

ስምንት ሰዓት ላይ ከልጄ ጋር የኢንተርኔት ጨዋታው ውስጥ ተገናኘን። ያው ድልድዩ ላይ። እናቷ መሐንዲሱን ካገባች ሦስት ዓመት ሆነ፤ የቅዳሜ ቀጠሯችንም ያኔ ነው የተጀመረው። በሳምንት አንድ ሰዓት... እኔ ከወርክሾፑ ጓዳ፣ እሷ ከመሐንዲሱ ሳሎን።

ዛሬ የወርቅ ክንፍ አድርጋ መጣች። እኔ ያው በነጻ የሚሰጠውን ቡናማ ካፖርት።
«ማን ገዛልሽ?»
«ጋሼ።»
ጋሼ! መሐንዲሱ መሆኑ ነው።
«ያምራል አይደል አባዬ?»
«ያምራል» አልኩ። ስትወጣ ዋጋውን ሄጄ አየሁት።

ጥር 11፣ ሰኞ
የጨዋታው ግሩፕ ታምሷል። የጨዋታው ካምፓኒ ሦስት መቶ ሠራተኛ አባሮ፣ በዚያው ሳምንት የክንፉንና የልብሱን ዋጋ እጥፍ አደረገው። ሊሸጥ ነው የሚልም አለ። ሊከስር ነው የሚልም አለ።

እኔም ጻፍኩ። «የማይጨበጥ ክንፍ በገንዘቡ የሚገዛ ሰው፣ ላም አለኝ በሰማይ ነው!» ስምንት መቶ ሰው ወደደልኝ።

ራሱን «ጠበቃው» ብሎ የሚጠራ አንዱ ተነሳብኝ። ካምፓኒው ልብስ ካልሸጠ ሰርቨሩ ይዘጋል፣ ያኔ ሁላችንም እናርፋለን አለ። አንተ ቅደምና እረፍ አልኩት። ምሳዬን ሳልበላ ስንናቆር ዋልን። የወንበር እግር የሚሠራው አናጢ ቀና ብሎ፣ «በአንድ እጅህ ስቴፕለር በአንድ እጅህ ስልክ... ዛሬ ጣትህን ከሶፋው ጋር ትሰፋዋለህ» አለኝ።

የጻፍኩት ስለ ካምፓኒው ነው። ስለ ሌላ ስለማንም አይደለም።

ጥር 14፣ ሐሙስ
ልጄ መልእክት ላከችልኝ። «አባዬ የጻፍከውን የክፍሌ ልጆች ሁሉ አነበቡት። አባቴ ነው አልኳቸው።» ደስ ሲል! ስድስት ጊዜ አነበብኩት።

ቀጥላ ደግሞ፣ «ክንፉን ላውልቀው?»
እንደፈለግሽ አልኳት። ልቤ ግን አውልቂው፣ አሁኑኑ አውልቂው ይላል። የአርባ አምስት ዓመት ሰው በሌለ ክንፍ ይቀናል እንዴ? ይቀናል።

ጥር 16፣ ቅዳሜ
ክንፉን አውልቃ መጣች። ደስ አለኝ። አፈርኩም። ደስታው ይበልጣል።

ጥር 18፣ ሰኞ
ጠበቃው፣ «አፍ ብቻ ናችሁ። ወንድ ከሆናችሁ አንድ ቀን ሳትገቡ ዋሉ» አለ።
«እንዲያውም!» አልኩ። የአድማውን ጥሪ ጽፌ ለቀቅኩት። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ አራት ሺህ ሰው ተመዘገበ። ጄኔራል ይሉኝ ጀመር። እኔን! ደንበኛ «አንተ ሶፋ» ብሎ የሚጠራኝን ሰውዬ!

ቀኑ በድምፅ ተመረጠ። ቅዳሜ። ሰው የሚበዛው ቅዳሜ ነው አሉ።

ቅዳሜ አይሆንም ልል ጀምሬ... ምን ምክንያት ልስጥ? ጄኔራሉ ከልጁ ጋር ቀጠሮ አለው ልበል? «ቅዳሜ ማንም እንዳይገባ!» ብዬ ጻፍኩ። በገዛ እጄ።

ጥር 22፣ ዓርብ
አድማው እኛን እንደማይመለከት ልጄ ታውቃለች። ታውቃለች አይደል? ልደውልላት? «ሌላው አይግባ፣ አንቺ ግን ግቢ» ይባላል? በክፍሏ ልጆች ፊት እኮ ገና መኩራቷ ነው።

አልደወልኩም።

ጥር 23፣ ቅዳሜ
ገባሁ። ጭር ብሏል። ድልድዩ ላይ ቆምኩ። ለካ ወንዙ ድምፅ አለው፤ ሌላ ቀን በሰው ጫጫታ አይሰማም። ስምንት ሰዓት። ስምንት ተኩል። የለችም። መሐንዲሱ የት ይዟት ሄደ? ምን እየገዛላት ይሆን?

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል ከማዶ አንድ ሰው ብቅ አለ። እጄን አውለበለብኩ። ጠበቃው ነው። ቆሞ አየኝ። ወጣ።

ጥር 24፣ እሁድ
ፎቶዬ ግሩፑ ላይ ተለጥፏል። ቡናማ ካፖርት፣ ባዶ ድልድይ፣ ስሜ ከራሴ በላይ። «ጄኔራሉ በአድማው ዕለት» ይላል። አሥራ አንድ ሺህ ሰው ሳቀብኝ። አናጢው እንኳ አይቶት፣ «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ!» እያለ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ይሳቁ። እሷ አይታው ይሆን?

ጥር 25፣ ሰኞ
አይታዋለች። ደወለች።
«አባዬ፣ ማንን ነበር የምትጠብቀው?»
«አንቺን።»
«እኔማ ልገባ ኮምፒውተሩን ከፍቼ ነበር። ጋሼ ነው የከለከለኝ።»
ያዝኩት! አልኩ በሆዴ። ይኸው ከኔ ሊነጥላት!
«‹አባትሽ በሰው ፊት አትግቡ ብሏል፤ አንቺ ቃሉን ካፈረስሽ ማን ሊያከብረው ነው?› አለኝ። ሲደብረኝ አይቶ ሐይቁ ዳር ይዞኝ ሄደ።»

መሐንዲሱ! እኔ የበላሁትን የኔን ቃል እሱ ጠበቀልኝ! ሌላ አሥር ክንፍ ቢገዛላት ይሻለኝ ነበር። በክንፍ መቅናቱን ለምጄዋለሁ። ይኼን አሁን በምን ላጣጥለው? ቀኑን ሙሉ አንድ ክፋት ፈለግኩለት። አጣሁ።

ጥር 28፣ ሐሙስ
ግሩፑ ላይ ጻፍኩ። «ልጄን ስጠብቅ ነበር። የካምፓኒው ነገር እውነት ነው፤ እኔን ያንገበገበኝ ግን ክንፉን ሌላ ሰው ስለገዛላት ነው። ቀንቼ ነው።» ስድቡ ወረደብኝ። ጠበቃው ብቻ፣ «ስንት ዓመቷ ነው?» አለ። አሥራ አራት አልኩት። ፎቶውን ከግሩፑ ላይ አጠፋው።

ጥር 30፣ ቅዳሜ
መጣች። ተቃቅፈን ዘለልን፤ ጨዋታው ውስጥ ማቀፍ እንዲያ ነው።
«አባዬ አንድ ነገር ልንገርህ? እንዳትቆጣ።»
«ንገሪኝ።»
«ይኼ ጨዋታ ከሰለቸኝ ዓመት አለፈኝ።»
«ታዲያ ለምን ትገቢያለሽ?»
«አንተ ስላለህ ነዋ! ሌላ የት ጠርተኸኝ ታውቃለህ?»

የት እጠራታለሁ? ዙሪያዬን አየሁ። የስፖንጅ ብናኝ፣ ሆዱ የተዘረገፈ ሶፋ፣ የኮላ ሽታ፣ አንድ አልጋ። ከዚያ ሳሎን አውጥቼ ወደዚህ? ሦስት ዓመት ሙሉ ያፈርኩት በዚህ ነው። ለሷ አልነገርኳትም፣ ለራሴም።

«እኔ ጋ ነይ» አልኳት።

የካቲት 7፣ ቅዳሜ
ከጠዋት ጀምሬ ስጠርግ ዋልኩ። አናጢው፣ «ሚኒስትር ሊመጣ ነው እንዴ?» አለኝ። ይበልጣል አልኩት።

መሐንዲሱ በመኪና አመጣት። በር ላይ ተጨባበጥን። እጁ ለስላሳ ነው፣ መኪናው አዲስ። ቀናሁ? ቀናሁ እንጂ።

ለልጄ መጋረጃ የሚያህል ሽርጥ አሰርኩላት። ከአሮጌ ወንበር ላይ ስቴፕሉን በጉጠት እየነቀለች፣ ስለ አስተማሪዋ፣ ስለ ጓደኛዋ፣ ስለ አንድ ስሙን ስለማትነግረኝ ልጅ ስታወራልኝ ሦስት ሰዓት ያህል አለፈ። ጨዋታው ውስጥ እንዲህ አውርታኝ አታውቅም። «ሰርቨሩ ሊዘጋ ነው አሉ» አለችኝ መሃል ላይ። ግሩፑ ላይ ምን ተባለ? አልከፈትኩትም።

መሐንዲሱ ሊወስዳት ሲመጣ እኔው ቀድሜ ተናገርኩ። «የሚመጣው ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ታመጣልኛለህ?»
ሰዓቱን አየት አደረገና፣ «ለምን ከጠዋቱ አላመጣትም? ቀኑን ሙሉ ብትሆኑስ?» አለኝ።

አሁንም በለጠኝ። ጥርሴን ነክሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ አልኩት። ከልቤ ነው።