መርዶ ድንጋይን «የመርከበኛው ወንበር» ላሉት ሰው

ይድረስ ለክቡር አቶ ናፍታሊ፣ የባሕር ዳር ስሞችና ቅርሶች ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ አሽዶድ።

ክቡርነትዎ ከነቤተሰብዎ፣ ከነኮሚቴዎና ከነአዳዲስ ሰሌዳዎችዎ እንደምን ከርመዋል? እኛ የሮቫ ጊሜል ሰፈር ሰዎች እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ የምናለቅስበት ቦታ ብቻ ልናጣ ነው። ደብዳቤዬ በአማርኛ ስለሆነ ይቅርታዎን እለምናለሁ፤ አስተርጓሚ ይፈልጉለት፣ እኛም ከአገራችን ከመጣን ጀምሮ ስንፈልግ ነው የኖርነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ከስኮትላንድ ጉዞዎ እንኳን በሰላም ተመለሱ። በዚያ አገር ገጠር ባሕር ዳር ቋጥኙም የፈረሰው ግንብም ሁሉ ስም እንዳለው፣ ስሙንም ለሰሌዳ ጸሐፊዎቹ የነገሯቸው እዚያው ያረጁ ዓሣ አጥማጆችና ሚስቶቻቸው እንደሆኑ በሰፈሩ ስብሰባ ላይ ሲያወጉን ደስ ብሎኝ ነበር። ታዲያ እርስዎ ሰሌዳውን ይዘው መጡና አሮጊት መጠየቁን እዚያው ረስተውት ተመለሱ።

ቅሬታዬ እነሆ፦

አንደኛ፣ ከመዝናኛው መንገድ መጨረሻ ያለው ትልቁ ድንጋይ ስም ነበረው። እንደመጣን ሰሞን ሽማግሌዎቻችን እንደ አገራችን ወግ ጎህ ሳይቀድ ቤት ገብተው መርዶ ሲነግሩ፣ ለቅሶው ከፎቅ ፎቅ ይሰማና ጎረቤት ፖሊስ ይጠራ ነበር። ፖሊሱም መጥቶ ማን ማንን እንደደበደበ ይጠይቀናል። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ መርዶ የሚነገረውን ሰው ደግፈው ወደ ባሕሩ ይወስዱት ጀመር። ማዕበሉ ከእኛ ይብስ ይጮኻል፣ እሱን ግን ማንም አይከሰውም። መርዶ ድንጋይ ያልነው ለዚህ ነው።

ሁለተኛ፣ እርስዎ ፍቅረኛውን ሲጠብቅ የኖረ መርከበኛ ፈጥረው «የመርከበኛው ወንበር» ብለው ሰሌዳ ላይ ጻፉለት። አሁን ሙሽሮች እየተሳሳሙ ፎቶ ይነሱበታል። ይሳሳሙ፣ ይቅናቸው፣ ልጆቹ ምን ያውቃሉ? ወንድሜ ሙላት ግን ቀድሞን በሱዳን በኩል ወጥቶ ነበር። እናቴ ወይዘሮ አትክልት ከአዲስ አበባ ስትመጣ ከአውሮፕላኑ የወረደችው እሱን በዓይኗ እየፈለገች ነው። መሞቱን የሰማችው እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነው። መቃብሩ በረሃ ውስጥ የት እንደሆነ የሚያውቅ ስለሌለ፣ ለእሷ መቃብሩ ያው ድንጋይ ነው።

ሦስተኛ፣ ይባስ ብላችሁ ድንጋዩን ጎብኚ በቀላሉ እንዲያገኘው ወደ አደባባዩ ልታዛውሩት ወስናችኋል። ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ይህን ሁሉ ስነግርዎ በትሕትና አዳምጠው ማስረጃ እንዳለኝ ጠየቁኝ። የመርከበኛውንስ ማስረጃ ብልዎ፣ እሱ አፈ ታሪክ ስለሆነ ማስረጃ አያስፈልገውም አሉኝ። ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ፤ ማስረጃ የሚጠየቀው እውነት ብቻ መሆኑን አላውቅም ነበር።

አራተኛው የእናቴ ነው። ስለ ማዛወሩ ስነግራት «ልጄን ደግሞ ወዴት ሊወስዱብኝ ነው?» አለችኝ። እኔም ጥያቄዋን ለእርስዎ አስተላልፌአለሁ። ድንጋዩ ካለበት እንዳይነቃነቅ፣ ሰሌዳውም በቀድሞ ስሙ እንዲጻፍ እንጠይቃለን።

መርከበኛዎ ፍቅረኛውን እስኪያገኝ ድረስ ዕድሜና ጤና እየተመኘሁልዎ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አበቡ ታከለ፣ የሙላት እኅት፣ ከሮቫ ጊሜል

ማስታወሻ፦ ሰሌዳዎ አንድ ቀን መውረዱ አይቀርም። የዚያን ዕለት በስልክ አንነግርዎትም፣ በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ሽማግሌዎቻችን ጎህ ሳይቀድ መጥተው፣ ክንድዎን ይዘው ወደ ባሕሩ ይወስዱዎታል። እስኪወጣልዎ ያልቅሱ፤ እኛ ፖሊስ አንጠራም።