አምፖል ስለበራ ለኮምፕሬሰርም ይበቃል ስለተባለው ሽቦ

ይድረስ ለክቡር አቶ ታይስቶ ሂርቪላ፣ የሃፓራንታ የጋራ መኖሪያ ማኅበር ሊቀመንበር፤
ኢሳልሚ

ክቡር ሆይ፣ ከነመላ ቤተሰብዎ እንደምን ሰነበቱ? ጤናና ረጅም ዕድሜ ይስጥዎ። እኔ በግቢው ጥግ ባለችው ክፍል የጎረቤቱን ሁሉ ወንበርና ሶፋ የማድሰው ጡረተኛዋ ሄልቪ ኮርፔላ፣ ከንዴት በቀር ደህና ነኝ።

ክፍሏ «የእሳት አደጋ ስለምታመጣ» ተዘግታ የብስክሌት ማቆሚያ እንድትሆን ለሐሙሱ ጠቅላላ ጉባኤ ያቀረቡትን ሐሳብ ከማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አነበብኩ። ባሌ ካረፈ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ከአልጋዬ የምታስነሣኝ እሷ ብቻ ናትና፣ ጉባኤው እጁን ሳያወጣ ምስጋናዬን በአደባባይ ላድርስ።

1ኛ. የሶፋ ጨርቅ የምመታበትን መሣሪያ በአየር ግፊት የሚያንቀሳቅሰው ኮምፕሬሰሬ ሲነሣ ብዙ ኃይል እንደሚስብ፣ ከቆጣሪው እስከ ክፍሌ ሰባ ሜትር እንደሆነ፣ መንገዱ ሲረዝም ሽቦውም መወፈር እንዳለበት ገልጬ ባለ ስድስት ካሬ ሚሊሜትር እንዲዘረጋልኝ በጽሑፍ ብለምን፣ «አንቺ ሴትዮ፣ አምፖሉ ይበራልሽ የለም እንዴ? ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?» ብለው በባለ አንድ ተኩል ስላሰናበቱኝ አመሰግናለሁ። አምፖሉ እውነትም ይበራል። ኮምፕሬሰሩን ላስነሣ ስል ግን እሱም ይደበዝዛል።

2ኛ. ሽቦው መብቃቱን ለመፈተን የመረጡት ቀን በሰኔ፣ የዮሐንስ በዓል ዋዜማ ነበር። ነዋሪው በሙሉ ወደ ሐይቅ ዳር ጎጆው ሄዶ፣ ግቢው ባዶ ሆኖ፣ አየሩም ሞቆ ስለነበር ሞተሩ ያለ ችግር ተነሣ፤ እርስዎም «አላልኩሽም?» አሉኝ። ጥር ላይ ከዜሮ በታች ሃያ አምስት ሲሆን፣ ዘይቱ እንደ ማር ሲረጋ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ሕንፃው በሙሉ የሳውናውን፣ ማለትም የእንፋሎት መታጠቢያውን፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ ሲለኩስ ግን ለፈተና ብቅ አላሉም። ሞተሩ እያቃሰተ ቀረ።

3ኛ. ፊውዙ ደጋግሞ ሲቃጠል፣ ሽቦውን በመቀየር ፈንታ ባለ አሥር አምፔሩን ፊውዝ ነቅለው ባለ ሃያ አምስት ስለተከሉልኝ ምን ብዬ ላመስግንዎ? ኧረ የፈጣሪ ያለህ! ፊውዙ ይቃጠል የነበረው እኮ ሽቦው እንዳይቃጠል ብሎ ነው። አሁን የሽቦው ልባስ ጠቁሮ ይሸታል፤ ያንን ሽታ ነው እንግዲህ እርስዎ በኔ ኮምፕሬሰር ያላከኩት። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼ ነው።

የምለምነው ብዙ አይደለም፤ ባለ ስድስት ሽቦ ፈቃድ ባለው ባለሙያ ይዘርጋልኝ፣ ክፍሌንም ተዉልኝ።

ይህ አክብሮቴ ሰባ ሜትር ተጉዞም ኃይሉ ሳይቀንስ እንዲደርስዎ እየተመኘሁ፣ ከወንበሮቼ መካከል እጅ እነሣለሁ።

ሄልቪ ኮርፔላ

ማስታወሻ፦ ትናንት በራሴ ወጪ ከጠራሁት የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጋር ሽቦው በየት በኩል እንደሚያልፍ ተከታትለን ነበር። ክብርዎ ቅዳሜ ቅዳሜ ፎጣ አገልድመው ከሚደገፉት የሳውናው መልበሻ ክፍል ጣውላ ጀርባ ያልፋል፤ ከሁሉ የከፋ የጠቆረውም እዚያ ላይ ነው። ባለሙያው ባለ ሃያ አምስቱን ፊውዝ ነቅሎ ሰጥቶኛል፤ ሐሙስ በጉባኤው ፊት በእጅዎ አስረክብዎታለሁ።